በሁለት ሰው የቆመ ማኅበር

እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ በየወሩ የምንዘክራቸው ጻድቅ በአገራችን የአንድ ገዳም አበምኔት የነበሩ ናቸው። ጠላ እዚህ ፖሊስ ስለሚያስጠራ ጽዋውን በከርከዴ፣ በቀዩ የአበባ መጠጥ፣ እንሞላዋለን። ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ የወሰደ ሰው የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ነው፤ የሚቀበል ከጠፋ ማኅበሩ ፈረሰ ማለት ነው።

ከካርቱሙ ጦርነት ወዲህ ማኅበርተኛው ተበተነ። ግማሹ በመተማ አድርጎ አገሩ ገባ፣ ግማሹ ወደ ከሰላ ከተማ ሄደ። በመጨረሻ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ ጽዋውን በነጠላ ጠቅልለው፣ «ኸላስ፣ በቃን። በዚህች ቁጥር ጻድቁን አናዋርድ» አሉ። ደሜ ፈላ።

በዚያ ሰሞን ክሊኒክ ውስጥ ለአንዲት እንግሊዛዊት ሐኪም አስተረጉም ነበር። ስለ ማኅበራችን ባጫውታት፣ በጥንት ዘመን በአገሯ ሰሜን ስለነበሩ አንድ አበምኔት ነገረችኝ። ወረርሽኝ ገብቶ ዜማ የሚያውቁትን መነኮሳት ሁሉ ጨረሰ፤ የቀሩት አበምኔቱና አንድ ትንሽ ልጅ ብቻ ነበሩ። ሳምንት ያህል ዜማውን አሳጥረው ሞከሩ፤ አበምኔቱ ግን አልቻሉም፣ እንባቸው መጣ። ከዚያ በኋላ አዲስ ዘማሪዎች እስኪተኩ ድረስ ሙሉውን ሥርዓት ሁለቱ ብቻ እየተቀባበሉ ዘለቁት። እስከ ዛሬ ቅዱስ እያሉ ያስቧቸዋል።

ይህን ለሙሴያችን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«ደግሞ የፈረንጅ ጻድቅ አመጣሽብን? ስንክሳራችን ላይ የሉም።»

«ይኑሩ አይኑሩ እኔ አላውቅም ጋሼ። ሁለት ሰው ይበቃል ነው የምለው።»

«የት ልትደግሺ? በዚያች በኪራይ ክፍልሽ?»

ተነሥቼ ጽዋውን ከፊታቸው አነሣሁ። ክፍሌ ጠባብ መሆኗ መች ጠፋኝ? እልህ ያዘኝ እንጂ።

በጻድቁ ዕለት ዳቦ ደፋሁ፣ ከርከዴ ዘፈዘፍሁ። ከማኅበርተኛው አንድም ሰው ዝር አላለም። ከፍቶኝ ቢሆን ባለቀስሁ፤ እኔ ግን ተናድጄ ነበር። የመጡት ከትግራይ ተሰደው ካምፕ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው፤ ክሊኒክ ተዋውቀን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። እኔ በአማርኛ ጀመርሁ፣ እሳቸው በትግርኛ ቀጠሉ፣ ግእዙ ላይ ስንደርስ ድምፃችን ገጠመ። አንድም ጸሎት አልዘለልንም።

ዳቦውን ቆርሰን ስንበላ ሙሴያችን በር ላይ ብቅ አሉ። ለመታዘብ እንደመጡ ፊታቸው ያስታውቅ ነበር።

«ሁለት ብቻ? ታዲያ ጽዋውን ማን ሊቀበልሽ ነው?» ብለው ጽዋውን መልሰው ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ።

አልሰጠኋቸውም። ለአሮጊቷ ሰጠሁ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እኔኮ ድንኳን ውስጥ ነው ያለሁት፣ ልጄ» አሉኝ።

«ድንኳንም ቤት ነው፣ አደይ።»

ሙሴያችን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካምፕ ድረስ ማን ይመጣል?»

«እኔ እሄዳለሁ ጋሼ። ሁለት ነን፤ እርስዎ ከመጡ ደግሞ ሦስት እንሆናለን።»