ወሬ የከለከልኩበት ሱባኤ

በጣሊያን ጊዜ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ላሉ ጥቂት አጥቢያዎች ሊቀ ካህናት ነበርኩ። ቁጡ ነበርኩ፤ አሁንም አልተሻለኝም። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ካህናቱ ገራዶ አጠገብ ካለች አንዲት ደብር ተሰብስበን ሱባኤ እንይዛለን። አንድ ዓመት ታዲያ ሥርዓት አወጣሁ፤ ጸሎት፣ ትርጓሜ፣ ቅዳሴ፣ ከዚያ ሁሉም ወደየጎጆው። ወሬ ክልክል! እግዜርን ደስ ያሰኘሁት መስሎኝ ነበር።

ከመጡት አንዱ የኮምቦልቻው ቄስ፣ የቅኔ ቤት ጓደኛዬ ነው። በተማሪነታችን አንድ ደበሎ ለብሰን አድረናል፤ ውሻ ሲያባርረን አብረን ሮጠናል። እንደሱ የምወደው ሰው አልነበረኝም። ግን ከዓመት ወዲህ መቀደስ ትቶ ነበር። ተራው ሲደርስ "አሞኛል" ብሎ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ያስቀድሳል። ሰነፈ ብዬ ደመደምኩ። ሱባኤው ሲፈታ በካህናቱ ጉባኤ ፊት ከአገልግሎት ላስነሳው ቆረጥኩ። ብወደውም ቆረጥኩ።

በስድስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ የወሎ ክረምት ዶፉን አወረደው። ጎጆዎቹ አፈሰሱና ሁላችንም ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጥን። ጉልበት ለጉልበት ተጣብበን ተቀመጥን። መጽሐፍ እንዳይገለጥ ጣራው ያንጠባጥባል። ወሬ ስለ ዝናቡ ተጀመረ፣ ወደ እህል ዘር ተሻገረ፣ ከዚያ ስለ በቅሎ ሆነ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ የሰማኝ የለም።

"የኔዋን በቅሎ እግዜር ያክብርልኝ" አለ ጓደኛዬ። "የጣሊያን ካሚዮን ሲመጣ ዳር የምታወጣኝ እሷ ናት።"

አንድ ወጣት የደሴ ቄስ ሳቀ። "አባ፣ ልጓሙን ይዘው አንቱ አያወጧትም?"

"መች አየሁትና! እላዬ ላይ ካልደረሰ አይታየኝም እኮ።"

አምልጦት ነው። ጓደኛዬ አንገቱን ደፋ።

"ጻሕሉን ይዤ ስወጣ ደረጃው አይታየኝም" አለ ቀስ ብሎ። "ቅዱስ ሥጋውን ብጥለውስ? ከዚያስ መቅረት ይሻለኛል ብዬ ነው።"

አፈርኩ። ማፈሬንም እንደ ልማዴ በቁጣ አወጣሁት። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ባየኸኝ ቁጥር 'ቀደስክ ወይ?' ነው የምትለኝ። አንድ ቀን 'እንዴት ነህ?' ብትለኝ እነግርህ ነበር።"

ሱባኤው ሲፈታ ጉባኤው ፊት ቆምኩ። ጓደኛዬ ቅዳሴውን ከነዜማው በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነውና ዲያቆናቱን ያስተምር አልኩ፤ ሁሉም ተስማሙ። ከዚያ በቅሎው ላይ አወጣሁትና ልጓሙን ራሴ ይዤ በእግሬ መራሁት። ጥቂት እንደሄድን ቀና ብዬ፦

"እንዴት ነህ?" አልኩት።

"ወሬ ክልክል ነው አላልክም?" አለና ሳቀ።

ከዚያ እስከ ደሴ ድረስ ሳያቋርጥ አወራኝ።