የእትዬ ኦርፋ ዳገት

በዚያ ተራራ አገር ግንቦት ሲገባ፣ በአንዱ እሑድ፣ የየቤቱ ሰው የሙታኑን መቃብር አርሞ አበባ ያለብሳል። ቨርዲ እናቷ በሞተችበት ዓመት ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የእናቷ መቃብር ከሁሉ ደምቆ እንዲታይ ተመኘች፤ ምኞቱስ ክፉ አልነበረም።

የጎረቤቷ የእትዬ ኦርፋ ዳገት ሁልጊዜ በዚያ ሰሞን ትሪሊየም በሚሉት የዱር አበባ ነጭ ይለብሳል፦ ሦስት ቅጠል፣ ከላዩ አንድ አበባ። አሮጊቷ ከልጅነቷ ጀምረው፣ አበባውን ብቻ ቅጠፊ፣ ቅጠሉን አትንኪ፣ ተክሉ የሚጎርሰው በቅጠሉ ነው፣ ያለ እሱ ይሞታል ይሏት ነበር። አበባው ብቻውን ግን አንገቱ አጭር ነው፤ ማሰሮ ውስጥ አይቆምም። የእትዬ ኦርፋ ጉልበት ታሞ ስለነበር ዳገቱን አይወጡም። ቨርዲ ከነቅጠሉ ቆርጣ ጨረሰችው። ሰው ሲያደንቅላት፣ ከወንዙ ማዶ ነው ያመጣሁት አለች።

በዓመቱ ዳገቱ ባዶ ሆነ። እትዬ ኦርፋ የወንድማቸውን የጋሼ ሃርሊን አሳማዎች ጠረጠሩ።

«አሳማህ ሥሩን ቆፍሮ በላው» አሏቸው።

«ታዲያ ጉድጓዱ የታለ? አሳማዬ አካፋ ይዞ ደፍኖት ሄደ?»

ቨርዲ እዚያው ቆማ ትሰማ ነበር። ወንድምና እህት ከዚያ ቀን ወዲህ ተኳረፉ።

በዚያው በጋ ከወንዙ ማዶ የትሪሊየም ፍሬ ለቅማ፣ ፍሬውን የሚወስደው ጉንዳን ሳይቀድማት፣ በስውር ዳገቱ ላይ ቀበረች። በመጀመሪያው ጸደይ ምንም አልወጣም። በሁለተኛው ጥፍር የምታህል አንዲት ቅጠል ብቅ አለች። ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፣ ያቺው አንዲት ቅጠል። ቡቃያዋ ሦስት ቅጠል ባወጣች ዓመት ጋሼ ሃርሊ ሞቱ። እህታቸው ቀብር አልመጡም። ቨርዲ ለለቅሶው ቤት ምግብ ይዛ ሄደች።

በስምንተኛው ጸደይ አንዲት አበባ ፈነዳች። ቨርዲ እትዬ ኦርፋን ደግፋ ዳገቱን አወጣቻቸው። አሮጊቷ ሳቅ አሉና፣ «የሃርሊ አሳማ ይቺን ረስቷታል» አሉ።

«አሳማ አልነበረም፣ እትዬ። እኔ ነኝ። ለእማዬ መቃብር።»

እትዬ ኦርፋ ቨርዲን ማየት እምቢ አሉ፤ አበባዋን ብቻ ያያሉ።

«ሃርሊ ጉድጓዱ የታለ ብሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ቅጠፊና ውሰጅለት።»

እንደ ወትሮው ልጄ አላሏትም።

ቨርዲ ቅጠሉን ሳትነካ ቀጠፈች። ማሰሮ ውስጥ ስለማይቆም፣ የጋሼ ሃርሊ መቃብር አፈር ላይ በእጇ አጋደመችው።