አዲሱ ጎማ ከላይ፣ መላጣው ከታች

ዳንግላ፣ ቅዳሜ ጠዋት

መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ቅዳሜ ከዳንግላ ወደ ቆሰበር ተነሣሁ። እዚያ የምትኖረው ልጄ ደብሪቱ የወለደችው ወንድ ልጅ እሑድ አርባ ቀኑ ይሞላል። «እናቴ ሳታቅፈው ክርስትና አይነሣም» ብላ ልካብኛለች። አንድ ቅል ቅቤ፣ ድፎ ዳቦና ወንዱ ልጄ የገዛልኝን አዲስ ሸራ ጫማ በቅርጫት ያዝኩ። እግሬ ላይ ያለው ከጎማ የተቆረጠው አሮጌው በረባሶዬ ነው።

የዚያን ቀን ወደ ቆሰበር የሚሄደው አንድ የጭነት መኪና ብቻ ነበር፤ ከታች የኑግ ጆንያ፣ ከላይ ሰው። ዋጋው ለሰው አንድ ብር ነው። ከፈልኩና ከመውጣቴ በፊት ጎማዎቹን ዞሬ አየሁ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና የበቅሎዋን ኮቴ አንሥቶ ሳያይ ጭኗት አያውቅም ነበር። ልማዱ ከእሱ ወደ እኔ ተላልፏል።

የፊት ግራ ጎማው እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። በጎኑ ነጭ ክር አውጥቷል።

ሹፌሩ ይርጋ ይባላል፤ ሳቂታ ጎልማሳ ነው። «እማማ፣ ይውጡ እንጂ! ጎማ ሊገዙ ነው እንዴ?» አለኝ።

«የዚህ ጎማ ጥርስ የት ሄደ?»

«እርጅና ነዋ! የእርስዎስ የት ሄደ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነቱን ነው፣ ከፊት ሁለት የለኝም። «የእኔ ጥርስ ግን አርባ ሰው አልተሸከመም» አልኩት። አንዱን በረባሶዬን አወለቅኩና ከጎማው ጋር አስተያየሁት። ያረጀው ጫማዬ ከፊት በኩል መስመር መስመሩ ገና ይታያል። ተረከዙን በእጄ ሸፈንኩት።

ቀና ስል ከጭነቱ አናት ላይ በገመድ የታሰረ አዲስ ጎማ አየሁ። «ያስ?»

«ያ ቅያሪ ነው፤ ለአዲስ አበባ መንገድ የማስቀምጠው። አዲስ ነገር እዚህ ድንጋይ ላይ ይበላል?»

አልገረመኝም። በእኛ አገር አዲስ ጫማ በዱላ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይሄድና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ ነው እግር የሚገባው። ይርጋም ለጎማው ያደረገው ይህንኑ ነው።

«የአዲስ አበባ ሰው ሰው ነው፣ የዳንግላ ሰው ድንች ነው?» አልኩት። «ብራችን አንድ ዓይነት፣ ነፍሳችን አንድ ዓይነት፤ ጎማው ለምን ይለያያል?»

«ከፈሩ ይቅሩ፤ ሰኞ ሌላ መኪና ይመጣል።»

ሰኞማ ክርስትናው ያልፋል። ብቀር ልጄ ታዝናለች፤ ብወጣ ደግሞ ያ ነጭ ክር ከዓይኔ አይጠፋም። ሳስብ ሳስብ ቆየሁና ከጎማው ፊት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «በይ እናትዬ፣ አታስመሺን!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

አንዲት የቀርከሃ ቅርጫት የምትሸጥ የአዲስ ቅዳም ሴት ምን እንደተፈጠረ በአገውኛ ጠየቀችኝ። እኔም በአገውኛ ነገርኳት። ወርዳ ክሩን በጣቷ ነካችው። ቅርጫቶቿን አንድ በአንድ ከመኪናው አወረደች። ከእሷ ቀጥሎ ሌላዋ ወረደች፤ ከዚያ ወንዶቹም ወረዱ። ይርጋ ከኑጉ ጋር ብቻውን ቀረ።

«እሺ፣ ተሸነፍኩ!» ብሎ ኮቱን አወለቀ።

ሥራውንስ ያውቅበታል። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈ። ጎማው ገና መሬት ላይ እንዳለ ብሎኖቹን አላላ፤ ከዚያ በኋላ ነው በክሪክ ያነሣው። መላጣው ጎማ ሲወርድ በውስጥ በኩል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። ይርጋ ጣቱን ከትቶ አወጣ። «ይህ ቁልቁለት ላይ ቢፈነዳ መሪውን ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር» አለ። የቀሩትን ጎማዎች ሳይነገረው በብረት እየመታ ድምፃቸውን አዳመጠ።

አዲስ ቅዳም፣ እኩለ ቀን

ጥቂት እንደሄድን ቆመና ብሎኖቹን እንደገና አጠበቀ። «አዲስ የገባ ጎማ ትንሽ ሲሄድ ይላላል» አለኝ፤ ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ደስ አለኝ። ዝናቡ አባርቶ መስኩ አረንጓዴ ነው፤ ፈረሰኞች በመንገዱ ዳር እያለፉ እጅ ይነሡናል።

አዲስ ቅዳም ገበያው ደምቋል። ባለ ቅርጫቷ ሴት ወረደችና ትኩስ ቅቅል ድንች ከነሚጥሚጣው ገዝታ ሰጠችኝ። ይርጋ ጎማውን ሲዳስሰው ግሎ አገኘው። አንዱ መንገደኛ «ትንሽ አስተንፍሰው» ቢለው «አይሆንም፤ ካስተነፈስኩት ጎኑ እየተጣጠፈ የባሰ ይግላል። ይረፍ» አለ። አረፍን። አንድ ነጋዴ አሥር ጆንያ ከሰል ሊያስጭን ሲመጣ ይርጋ ወደ እኔ አየ። እኔ ድንቼን እየበላሁ አየሁት።

«ሞልቷል ጌታዬ» አለው ነጋዴውን።

ቆሰበር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ቆሰበር በካፊያ ተቀበለችን። ከመኪናው ወርጄ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ተረከዜ ጭቃው ላይ ከዳኝና ዘፍ አልኩ። ቅሉን ወደ ላይ ይዤ ስለወደቅሁ ቅቤው ተረፈ። ከቅርጫቱ ግን ሸራ ጫማው ተስፈንጥሮ ይርጋ እግር ሥር አረፈ።

አነሣው። ከእግሬ የወለቀውን በረባሶዬንም ገልብጦ ተረከዙን አየ፤ አንድም መስመር የለውም።

«እማማ፣ ይህ አዲሱስ ለአዲስ አበባ መንገድ ነው?»

ፍርድ ለሌላ ሰው ብቻ አይደለም፤ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አዲሱን ጫማ አደረግሁ። ይርጋ ቅሉን ተሸክሞ እስከ ደብሪቱ ደጅ ሸኘኝ።

እሑድ ጠዋት ልጁን አቅፌ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ። ለዚያ ደጃፍ ብዬ ያስቀመጥኩትን ጫማ እዚያው ደጃፍ ላይ አውልቄ ገባሁ።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

በሌላ መኪና ተመለስኩ። ጎማዎቹን ዞሬ አየሁ፤ ሹፌሩም ጫማዬን አየ፤ ሁለታችንም ደህና ነበርን። ዳንግላ ስገባ ሸራው ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ሆኗል። ጎረቤቴ «ምነው፣ አዲሱን አበላሸሽው!» ብትለኝ «እኔን ግን አላበላሸኝም» አልኳት።

አሮጌውን በረባሶ በቤቴ በር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ያን በእጄ የሸፈንኩትን ተረከዝ ወደ ውጭ አድርጌ።