ከመስታወቱ ወዲያ የቆመው

መስታወት ቆራጩ ሰውዬ በሥራው አይታማም። አዲስ መስታወት ሲገዛ እንደ ሌላው በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ አይበቃውም፤ ከፊቱ ያነሣና፣ ማዶ ያለ የግድግዳ ጠርዝ በመስታወቱ ውስጥ እያየ ራሱን ወዲህና ወዲያ ያወዛውዛል። ጠርዙ ከታጠፈ "ይሄ ዋሾ ነው" ብሎ ይመልሰዋል። ባለሱቆቹ "መጣ ደግሞ ዳንሰኛው!" ይሉታል።

ታዲያ የዋሾዎች ሁሉ አለቃ በገዛ እናቱ ቤት ተገትሮ ነበር። የሳሎኑ መስኮት! ሟች አባቱ ያስገጠመው አሮጌ ነገር ነው፤ አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ስስ፣ መሀሉ የተረበሸ ውሃ ይመስላል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል እናቱ እዚያ ትቀመጣለች። ከአጥሩ ውጭ ያለው የመብራት ምሰሶ በዚያ መስታወት ሲታይ ትከሻ ያወጣል፤ ራሷን ነቅነቅ ስታደርግ ወገቡን ሰበር አድርጎ ይራመዳል። ለእሷ ግን ምሰሶ አይደለም። ማሙሽ ነው፣ ትንሹ ልጇ፤ ጢም አውጥቶም ማሙሽ መባሉ ያልቀረለት፣ አንድ ጠዋት ሥራ ብሎ ወጥቶ በዚያው የቀረው። መቃብር እንኳ የለው፣ ምን ተብሎ ይለቀስ!

"መጣ እኮ፤ በሩን ክፈትለት እንጂ!" ትለዋለች ታላቁን፣ መስታወት ቆራጩን። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አንድ ቀን ግን ራሷ ልትከፍት በነጠላ ጫማ ስትሮጥ ደጃፉ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተጎዳ። ያን ጊዜ አመረረ። እንዲህ ከቀጠለች ልትሞትብኝ ነው አለ።

መጀመሪያ ሊያስረዳት ሞከረ። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ማንኪያ ከተተ።

"እማዬ፣ እዪው፤ የተሰበረ ይመስላል አይደል? ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ይታጠፋል። መስታወት ውስጥ ሲያልፍም ያው ነው። ያንቺ ደግሞ ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ በየቦታው ሌላ ሌላ አቅጣጫ ያጥፈዋል። የምታዪው ሰው የለም።"

ብርጭቆውን ብዙ አየችው። "ማንኪያው ግን አለ" አለች።

እሷ ጋደም ባለችበት አሮጌውን ነቅሎ ጥርት ያለ አዲስ ገጠመ። የነቀለውንም ጆንያ ውስጥ ከቶ በመዶሻ አደቀቀው። የሙያው ልማድ ነው፤ አሮጌ መስታወት ሙሉውን አይጣልም፣ ሰው ይቆርጣል። እጁ ሠራው እንጂ ልቡ አላሰበበትም።

አመሻሽ ላይ ተቀመጠች። ምሰሶ አየች። በማግስቱም ምሰሶ። አልጮኸች፣ አልተቆጣች፤ ምግብ ብቻ ተወች። "የት አደረግከው?" ስትለው እውነቱን ነገራት። ከዚያ በኋላ እሱን ማናገርም ተወች፤ እየመነመነች እዚያው መስኮት ሥር ትውላለች። ለደግ ብሎ በሠራው! አይ እጀ አመድ አፋሽ!

አሁን ሰውዬው ዋሾ መስታወት ፈላጊ ሆነ። ቤት በሚፈርስበት ሁሉ ይደርሳል፤ የሚያውቁት ይስቁበታል። በመጨረሻ ከአንድ ፍርስራሽ ሞገዳም አሮጌ አገኘና ፀሐይ ሳትጠልቅ ብሎ እየሮጠ መጣ። ከውጭ መስኮቱን ከፍቶ፣ ፀሐይን ከኋላው አድርጎ፣ መስታወቱን በሁለት እጁ ከፊቱ ያዘ።

"እማዬ፣ እስቲ እዪ።"

ቀና አለች። ያ የከሳ ፊቷ በአንዴ በራ።

"ማሙሽዬ!"

ምሰሶውን ያየች መስሎት ገለል ሊል ነበር፤ ዓይኗ ግን የተተከለው እሱ ላይ ነው። እኔ ነኝ ሊል አፉን ከፈተ። ያንን ፊት እንዴት አድርጎ ያጨልመው!

"አቤት" አለ።

"የኔ ጌታ! ግባ፣ ቶሎ ግባ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ታላቅህ ሳይመጣ። እሱ ካየህ መልሶ ያጠፋሃል።"

እንባው በአገጩ ወረደ። እንዳይጠርገው ሁለቱም እጁ ተይዟል፤ መስታወቱን ዝቅ ቢያደርግ ደግሞ እሱ፣ ታላቁ፣ ሊታያት ነው። እስኪጨልም ድረስ እንደ ያዘው ቆመ።