ዶክተሯ ወንድሜን ራሱን ጠየቀችው

«አዲሱ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?»

ዛሬ ጠዋት እዚህ እስራኤል፣ ገዴራ ከተማ፣ ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ውስጥ፣ አዲሷ የቤተሰብ ሐኪም እንዲህ ስትል እኔ ልመልስ አፌን ከፍቼ ነበር። «አንቺን ቆይቼ እጠይቅሻለሁ» አለችኝ ፈገግ ብላ።

አዲሱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ሐኪሞች እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ እሱ የሚጠይቁት እኛን ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ስንጠራው ዝም ይል ጀመር። ከሚውልበት ማዕከልም «የሚነገረውን አይሰማም» እያሉ ይደውሉልናል። «ያው ሕመሙ ብሶበት ነው» ሲባል እማዬ ስታለቅስ ሰነበተች።

አዲሱ ረጅም ጊዜ አሰበ። ዶክተሯ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀችው። (ኮምፒውተሩን ሳያይ የሚጠብቅ ሐኪም አለ ብትሉኝ አላምናችሁም ነበር።)

ከዚያ ቀኝ ጆሮውን ነካ።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ እናያለን» አለችው። እንዳይፈራ ግን መጀመሪያ የጆሮ መመርመሪያውን ለእሱ ሰጥታ የእኔን ጆሮ እንዲያይ አደረገች። አጎንብሶ አየና «ቆሻሻ ነው!» አለ። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ የራሱን ጆሮ ያለ ምንም ጭንቀት አሳየ።

ሁለቱም ጆሮዎቹ በኩክ ተደፍነዋል! ነርሷ እያጫወተችው በለብ ያለ ውሃ አጠበችለት።

ስንወጣ ከኋላው ሆኜ እንደለመድኩት ጮክ ብዬ «ያላ፣ ቶሎ በል አዲሱ፣ አውቶቡሱ መጣ!» አልኩት።

ዞር ብሎ ጆሮውን በእጁ ከደነና «አትጩኺ!» ብሎ ተቆጣኝ።

እንዲህ ደስ ያለኝ ቁጣ የለም። እግዜር የዶክተሯን እጅ ይባርከው።

እናንተስ፣ በሽተኛውን ራሱን የሚጠይቅ ሐኪም ገጥሟችኋል? ጻፉልኝ፤ ማታ ለእማዬ አነብላታለሁ።