ባለ ሁለት ዘውዱ ትል

ቶኩጂ ኦይስተር የሚባለውን፣ በቅርፊት ውስጥ የሚኖር የሚበላ የባሕር ፍጥረት አርቢ ነው። ሀብቱ አንድ የቀርከሃ ርብራብ፣ ከርብራቡ ወደ ባሕር የተንጠለጠሉ ሽቦዎች፣ ሽቦዎቹ ላይ የተሰኩ ኦይስተሮች። የአርቢዎች ማኅበሩ በወረቀት ላይ «ድርጅት» ይለዋል፤ ወረቀት ምን ይሳነዋል!

ሙታን በባሕር ወደየቤታቸው የሚመለሱበት ሰሞን ሊገባ ሲል አንዱን ሽቦ ቢስብ፣ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ኦይስተሮቹ ላይ ተጠምጥሟል። ሚስቱ ሳዮ አንዱን ቅርፊት የባሕር ውሃ በሞላ ሳህን ውስጥ አኖረችና አጎንብሳ ጠበቀች። ክር ከመሰለው ነጭ ቱቦ አፍ ቀይ ላባ ብቅ አለ፤ ከላባው መሀል ደግሞ ለትሉ በር የምትሆነው ውታፍ።

«ና እየው! ከታች ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ጡሩምባ፣ በላዩ ደግሞ የእሾህ ዘውድ። ሁለት ደርብ ነው።»

«አንድ ነው» አለ ቶኩጂ።

«አንድ የሆነውስ ዓይንህ ነው! ባለ አንድ ዘውዱ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል እንጂ አይጎዳም። ይሄኛው እላይ በላይ እየተከመረ ነው የሚያፍናቸው። ገና ለጋ ነው፤ እናውጣውና ፀሐይ ይምታው፤ ኦይስተሩ ቅርፊቱን ገጥሞ ይችለዋል፣ ትሉ ይደርቃል።»

ሽቦውን ሁሉ አውጥተው እስኪያደርቁት ግን ሰሞኑ ይገባል። ያኔ ውሃው የሙታን መንገድ ነው፤ ሽቦ የሚነካ የለም። የቶኩጂ ልጅ ሪኪቺ ከዚያው ርብራብ ላይ ወድቆ ባሕር ውስጥ የቀረ ነው።

«ልጄ መንገድ ላይ ሳለ ሽቦ ልጎትትበት?»

«የኔስ ልጅ አይደለም? ቢኖር ቀድሞህ የሚጎትተው እሱ ነበር።»

የማኅበሩ ሹም ኢዋሞቶ በራሪ ወረቀት ይዞ መጣ። ሁለቱ ዘውዶች በቀለም አምረው ተስለዋል፤ ምን ይደረግ የሚለው ሊጻፍ ይገባ በነበረበት ቦታ የሹሙ ፎቶ ወጥቷል።

«ጋሽ ቶኩጂ፣ በሽታውን ማወቅ የመድኃኒቱ ግማሽ ነው» አለ።

«ሌላውን ግማሽ ማን ወሰደው?» አለች ሳዮ። ሹሙ ሳቀ። ደመወዝተኛ ምን አለበት!

ጎረቤታቸው ጌንታ ብቻ በሰሞኑ የራሱን ሽቦዎች አውጥቶ አደረቀ። መንደሩ «ሙታንን የረገጠ» ብሎ ሰላምታ ነፈገው፤ በቁሙ ያለ ሰው ሲረገጥ ዓይኑን የሚጨፍን መንደር!

ሰሞኑ ሲያበቃ ቶኩጂ የሙታን መሸኛ ፋኖስ ውሃ ላይ ለቆ ልጁን ሸኘ። በማግስቱ ሽቦውን ሲያወጣ ክሩ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀው። ፀሐይ ላይ ቢያሰጣው ትሉ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

መኸር ሲገባ ኦይስተሮቹ አፋቸውን ከፍተው ገሙ። የጌንታ ኦይስተሮች ግን ተርፈዋል፤ ሰላምታውም ተመልሶለታል።

«ሁለት ነው» አለ ቶኩጂ፣ ሳህኑን ሳይመለከት።

ጉጠቱን አንስቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይቆርጥ ጀመር፤ እያንዳንዱ ከነሸክሙ ሰመጠ።

«ርብራቡንም ልታፈርሰው ነው? ሪኪቺ ሲመጣ ቦታውን በምን ያውቀዋል?» አለች ሳዮ።

ቶኩጂ ቀጣዩን ሽቦ ቆረጠ።