ስልሳ ሦስት ሚስኮል

የዝና በእናቷ ጀርባ ታዝላ ከወሎ በሰፈራ አሶሳ ገባች እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አዝሏት አያውቅም። የቀርከሃ ወንበር መሥሪያዋን ከባዶ ያቆመችው ራሷ ናት። ዘንድሮ ግን ገዢ ጠፋ። አሥራ አንድ ዓመት አብራት የሠራችውን ዐርዋን፣ «በዚህ ወር ሰው ካልመጣ እንዘጋለን» ብላታለች። የቀራቸው ተስፋ የሰፈራቸው ልጅ ቀጄላ ፌስቡክ ላይ የለቀቀላቸው ማስታወቂያ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቀጄላ ስልኩን ከፍ አድርጎ እያሳየ መጣ።

«እትዬ የዝና፣ እንኳን ደስ አልዎት! ስልሳ ሦስት ደንበኛ!»

«የታሉ?» ደሟ ፈላ። «እስኪ ጥራቸው!»

«ቁጥሩ እኮ እዚህ...»

«ቁጥር ወንበር ላይ ይቀመጣል?»

ዐርዋ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ቀጄላን ላብ አጠመቀው። ማስታወቂያው ሥር «ይደውሉ» የሚል ቁልፍ አለ፤ እሱን የነካውን ሁሉ ፌስቡክ ደንበኛ ብሎ እንዲቆጥር ያዘዘው ቀጄላ ራሱ ነው። የነካ ሁሉ እንዳልገዛ አሁን አመነ።

«ግን እኮ ደውለዋል። ስልክዎ አልጠራም?»

የዝና ስልኳን አውጥታ አየች። ጠርቷል። አንዴ ጠርቶ ይቋረጣል። መልሳ እንድትደውል ሚስኮል የሚያደርግ ሰው ያበሽቃታል፤ «ወንበር ሊገዛ ለስልክ ካርድ ያጣል?» እያለች ሁሉንም ንቃ ትታዋለች።

አሁን የተቆጣችው ዐርዋ ነበረች። «ወላሂ፣ የኔ እንጀራ ሊቆረጥ፣ አንቺ ሰው ሲጠራሽ ዝም?»

የዝና ከሚስኮሎቹ የመጀመሪያውን ቁጥር ደወለች። ጉባ፣ ግድቡ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። «ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩሽ፤ ከሌላ ገዛሁ» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ቀጣዮቹ ሁለቱ አላነሱም። አራተኛዋ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ የምትሠራ ሴት ናት፤ ስድስት ወንበር ትፈልጋለች።

«የት አይተሽን ነው?»

«ፌስቡክ ላይ።»

«ትመጫለሽ ወይስ ዝም ብለሽ ነው የነካሽው?»

ሴትዮዋ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ መኪና ይዛ መጥታ ስድስቱንም አስጫነች።

«በል ቁጠር! አንድ!» አለች የዝና ወደ ቀጄላ ዞራ።

«እኛ ካልነገርነው ፌስቡክ ወንበር መሸጡን አያውቅም፣ እትዬ። ማን ገዛ፣ ከየት አይቶ መጣ፣ እየጻፋችሁ ስጡኝ፤ እኔ ፌስቡክ ላይ አስገባለሁ።»

የዝና ቁጣዋ ገና አልበረደም። ስልኳን ዐርዋ ጭን ላይ ወረወረችው።

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺ አንሺ፣ አንቺ ጻፊ። እኔ ሰው አባርራለሁ።»

ዐርዋ የጀመረችውን ወንበር ገፋ አድርጋ አምስተኛውን ቁጥር ደወለች።